አሮጌ ባለ ግሎው ሞተር የሪሞት አውሮፕላን ልትገዙ ነው? የትኛውን ብትመርጡ ይሻላል

ቅዝቃዜው ሊያልቅ ሲል፣ የካቲትና መጋቢት አካባቢ፣ እዚህ አሜሪካ የሞዴል አውሮፕላን ክለቦች አሮጌ ዕቃ የሚሸጡበት ገበያ ያዘጋጃሉ። ስዋፕ ሚት ይሉታል። አዳራሽ ይከራዩና ረጃጅም ጠረጴዛ ይደረድራሉ። ገና ከበሩ ሳታልፉ የሚቀበላችሁ የተቃጠለ የጉሎ ዘይት ሽታ ነው። እኔ ይህን ሽታ በጣም እወደዋለሁ። አንዴ የለመደው ሰው አይረሳውም።

ጠረጴዛው ላይ መጀመሪያ ዓይን የሚገባው ትንሹ ሞተር ነው። ከአውራ ጣት ብዙም አይበልጥም። መዳፍ ላይ ሲቀመጥ ጌጥ ይመስላል። ዋጋውም አይከብድም። አዲስ ሰው "በትንሹ ልጀምር" ይልና እሱን ገዝቶ ይወጣል። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው። አንድ ሙሉ በጋ ጣቴ እስኪቆስል ፕሮፔለር ስመታ ከርሜ፣ በድምሩ ግማሽ ሰዓት እንኳ አላበረርኩም። በዚህ ነገር ትንሽ ማለት ቀላል ማለት አይደለም። ከተወሰነ መጠን በታች ሲወረድ እንዲያውም ይከብዳል። ይህን የምጽፈው ገና ጠረጴዛው ጋ ቆሞ ለሚያመነታ ሰው ነው።

ስለ ሞተሩ አሠራር ትንሽ ልበል፤ ምርጫው ሁሉ ከዚያ ይመጣል። የመኪና ካንዴላ በየጊዜው ብልጭታ ይሰጣል። የግሎው ሞተር ካንዴላ ብልጭታ የለውም። ውስጡ ፕላቲነም ያለበት ቀጭን የተጠቀለለ ሽቦ አለ። ለማስነሳት 1.5 ቮልት የሚሆን ባትሪ ይገናኝለትና ሽቦው ይግላል። ሞተሩ አንዴ ከተነሳ ባትሪው ይነቀላል። ፕላቲነሙ ከሜታኖል ጋር ሲገናኝና ከቃጠሎው ሙቀት ሲያገኝ እንደጋለ ይቀጥላል። ነዳጁ ሜታኖል፣ ዘይትና ጥቂት ናይትሮሜቴን ነው። ዘይቱ ነዳጁ ውስጥ ስለሚቀላቀል በማርሚታው በኩል እየተረጨ ይወጣል። አውሮፕላኑ ላይ የሚያርፈው ያ ዘይት ነው። በኋላ ስለ እንጨቱ ሳወራ እመለስበታለሁ።

የመጠን ነገር

ሞተሩ ላይ የተጻፈው ቁጥር በኪዩቢክ ኢንች ነው። .049 ማለት 0.8 ሲሲ ገደማ ነው። .15 ወደ 2.5 ሲሲ፣ .25 ወደ 4.1 ሲሲ፣ .40 ደግሞ 6.5 ሲሲ ይሆናል።

ከ.049 ልጀምር። አሮጌ .049 ካያችሁ አብዛኛውን ጊዜ ኮክስ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሲሠራ የነበረ፣ ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሚሊዮን የተሸጠ ሞተር ነው። ቤቢ ቢ የሚባለው ዓይነት ታንኩ ከኋላው አብሮት የተሠራ ነው። ድንቅ ሥራ ነው፤ ይህን ማንም አይክድም። ግን ጀማሪ እጅ ላይ ሲገባ ምን እንደሚሆን ልንገራችሁ። በመጀመሪያ ነዳጅ መስጫ የለውም። ከተነሳ ያው በሙሉ ፍጥነት ነው፤ ታንኩ ሲያልቅ ይጠፋል። በዚያች ታንክ የምታገኙት ጥቂት ደቂቃ ነው። ሁለተኛ፣ አየር የሚያስገባው በስስ ቅጠል መሳይ ቫልቭ ስለሆነ ወደ ኋላም ዞሮ መነሳት ይችላል። በጣም ደስ ብሏችሁ ስትለቁት አውሮፕላኑ ወደ ኋላ መግፋት ይጀምራል። ሦስተኛ፣ የሚገባውን ነዳጅ የሚመጥነው መርፌ በጣም ስሜተኛ ነው። ትንሽ ስትነኩት ሞተሩ ይንተፋተፋል፤ ትንሽ ስትመልሱት ይጠፋል። ከአሸዋ ፍሬ ያነሰች ቆሻሻ ሙሉ ቀን ታበላሻለች። ካንዴላው ከቴስታታው ጋር አንድ ስለሆነ ሽቦው ሲቃጠል የሚቀየረው ቴስታታው በሙሉ ነው። ነዳጁም ለብቻው ነው፤ ናይትሮው 15 ከመቶና ከዚያ በላይ፣ ዘይቱ ደግሞ የጉሎ ዘይት በደንብ ያለበት መሆን አለበት።

በዚህ ሁሉ ላይ .049 የሚያነሳው አውሮፕላን ትንሽና ቀላል ነው። ትንሽ ነፋስ ይጥለዋል። ርቆ ሲሄድ ፊቱ ይምጣ ጀርባው ለመለየት ዓይን ይቸገራል። ስለዚህ .049 ማብረር ለቻለ ሰው ግሩም ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ አውሮፕላን ነው። ለመማሪያ ግን አልመክረውም።

ከ.10 እስከ .15 ያሉት ሰው የሚረሳቸው ናቸው። ነዳጅ መስጫ አላቸው፤ ማርሚታም አላቸው። የጃፓኖቹ ኦኤስና ኤንያ በዚህ መጠን ለዘመናት የሚቆይ ሞተር ሠርተዋል። የኤንያ .15 አሮጌው ዓይነት እጅ ላይ ሲይዙት ክብደቱ ራሱ ይናገራል። ችግሩ ለዚህ መጠን የሚሆን አሮጌ አውሮፕላን ብዙ አለመገኘቱ ነው። የተገኘውም አብዛኛው ፈጣን ነው።

እኔ የምመርጠው ከ.20 እስከ .25 ያለውን ነው። እንደ ኦኤስ .25 ኤፍፒ ወይም .25 ኤልኤ ያለ ሞተር ርካሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ ነገረኛ አይደለም። ዘጠኝ ኢንች ፕሮፔለር ይያዝለታል። ነዳጁን ወደ ካርቡሬተሩ ስባችሁ፣ ባትሪውን አገናኝታችሁ፣ ፕሮፔለሩን በዱላ አንድ ሁለቴ ብትመቱት ይነሳል። ዝቅ ሲደረግ ዝቅ ብሎ ይቆያል። አውሮፕላኑም ይገኝለታል። የሲግ ካዴት ኤልቲ-25፣ የግሬት ፕሌንስ ፒቲ-20፣ ከእነሱ የሚያረጀው የጎልድበርግ ፋልከን 56 በየገበያው ይታያሉ። ፋልከን 56 ስሙ የክንፉን ርዝመት ይናገራል፤ 56 ኢንች፣ ወደ 1.4 ሜትር ማለት ነው። በትንሽ መኪና የኋላ ወንበር ላይ ይገባል። አንድ ጋሎን ነዳጅ ወደ ሃያ በረራ ያስኬዳችኋል።

.40 ደግሞ የጀማሪ ሁሉ መደበኛ መጠን ነበር። ስለዚህ በብዛት የምታገኙት እሱን ነው፤ አንዳንዴም ከ.25 ይረክሳል። ካዴት ኤልቲ-40 ክንፉ 70 ኢንች ነው፣ 1.78 ሜትር። በነፋስ ጸንቶ ይበራል፤ ከሩቅም ይታያል። እውነቱን ለመናገር አየር ላይ .40 ይሻላል። ቤት ውስጥ፣ ደረጃ ላይ፣ መኪና ውስጥ ግን .25 ይሻላል። አፓርታማ የምትኖሩ ከሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ብዙ ሰው ማብረር የሚያቆመው አውሮፕላኑ ተከስክሶበት ሳይሆን ማጓጓዙ ሰልችቶት ነው። ጋራዥና ሰፊ መኪና ካላችሁ .40 ግዙ፤ አትቆጩም።

አሮጌውን ሞተር በእጅ መመርመር

የሚያብረቀርቅ ሞተር ጥሩ ሞተር ነው ማለት አይደለም። በጉሎ ዘይት ቡናማ ቅርፊት የተሸፈነ ሞተር ብዙ ጊዜ ውስጡ ደህና ነው። ቅርፊቱ ራሱ ከዝገት ጠብቆታል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ነጭ ዱቄት መሳይና ዝገት የታየበት ነው። ያ ውሃ አይቷል ማለት ነው። ሜታኖል እርጥበት ይስባል፤ ውስጡ ነዳጅ ተትቶ ለዓመታት የተቀመጠ ሞተር ኩሽኔታው ይበላል።

ፕሮፔለር ያለበት ከሆነ ሻጩን አስፈቅዳችሁ ቀስ አድርጋችሁ አዙሩት። በጣም ቀስ። ወደ ላይ ሲደርስ ምን ይሰማችኋል? እዚህ ላይ ሦስት ዓይነት አለ። ሲሊንደሩ ከናስ ተሠርቶ ውስጡ ክሮም ወይም ኒኬል የተለበጠ፣ ፒስተኑ አሉሚኒየም የሆነ ሞተር ጫፍ ላይ ሲደርስ ጠበቅ ብሎ ይያዛል። ይህ ጤናው ነው። ምንም ሳይዝ ካለፈ ግን አልቋል። የብረት ፒስተን ያለው አሮጌ ሞተር አይዝም፤ እንደ ኳስ መልሶ ይገፋል። ፒስተኑ ዙሪያ ፋሻ የሚባለው ቀለበት ያለው ደግሞ ሲደርቅ ለስለስ ይላል። ጥቂት ዘይት ሲገባለት ይጠነክራል። ስለዚህ ለስላሳ ነው ብላችሁ ፋሻ ያለውን ቶሎ አትጣሉ፤ ፋሻ የሌለውን ግን ተዉት።

ድርቅ ብሎ አልዞር ካለ አታስገድዱት። የረጋ የጉሎ ዘይት ነው የያዘው። በጉልበት ስታዞሩት ፒስተኑን የሚይዘው ዘንግ ይጎብጣል ወይም ይሰበራል። ቤት ወስዳችሁ በጸጉር ማድረቂያ አሙቁት። ሲሞቅ ዘይቱ ይለቅና ራሱ እጃችሁ ላይ ይዞራል። ያ የሚለቅበት ቅጽበት ለእኔ ከበረራው አያንስም። ለሃያና ለሠላሳ ዓመት የተኛ ነገር እጃችሁ ውስጥ ሲነቃ ነው የሚሰማችሁ።

ኮክስ ከሆነ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ፒስተኑና ዘንጉ የሚገናኙት በኳስ መሳይ መጋጠሚያ ነው። ያ በጊዜ ብዛት ይላላል። መልሶ የሚያጠብቀው መሣሪያ ርካሽ ነው፤ ትርፍ ዕቃውም ዛሬ ድረስ ይገኛል።

ዘንጉ የሚዞረው በኩሽኔታ ነው ወይስ በብሮንዚን፣ ማለትም ኳስ በሌለው የነሐስ ቀለበት? አሮጌ ሞተር ስትገዙ እኔ ባለ ብሮንዚኑን እመርጣለሁ። ባለ ኩሽኔታው አዲስ ሳለ ጉልበቱ ይበልጣል። ሲያረጅ ግን መጀመሪያ የሚዝገው ኩሽኔታው ነው። ስታዞሩት አሸዋ ያለበት ያህል ከተሰማችሁ የኩሽኔታ መለወጫውን ከዋጋው ላይ አስቀንሱ። ብሮንዚን የሚዝግ ነገር የለውም። ኤፍፒና ኤልኤ የሚባሉት ኦኤሶች በዚህ ምክንያት ነው አርጅተውም የሚሠሩት።

በመጨረሻ የፕሮፔለሩን መቀመጫ ከጎን እያያችሁ አዙሩት። ከተወላገደ አንድ ጊዜ መሬት መትቷል። የማሰሪያ ጆሮዎቹም አለመሰንጠቃቸውን እዩ።

አውሮፕላኑ

ገዢ የሚታለለው እዚህ ነው። ቀለሙ ያምራል፣ ሽፋኑ ተወጥሯል፣ ውስጡ ግን ዘይት ጠጥቷል። አውሮፕላኑ የሚሠራበት ባልሳ የሚባለው ቀላል እንጨት ዘይት ይመጥጣል። ዘይት የጠጣ ባልሳ ይጠቁራል፣ ይለሰልሳል፣ ሙጫ አይዝም። ስለዚህ ክንፉን ከማየታችሁ በፊት የታንኩን ክፍል ክፈቱ። ሞተሩ የተቀመጠበትን ጣውላ በአውራ ጣት ጫን አድርጉት። ከጠነከረ ጥሩ። ከረገበ ወይም ጠርዙ ላይ ጥቁር እርጥበት ካለ፣ በነጻ ቢሰጧችሁም አስቡበት። አፍንጫውን ቆርጦ እንደገና መሥራት አውሮፕላኑን እንደገና እንደ መሥራት ነው።

ቀጥሎ ክንፉን ከኋላ ጠርዙ በኩል ዓይናችሁ ደረጃ ላይ አድርጋችሁ እዩት። ሁለቱ ጎኖች እኩል መሆን አለባቸው። አንዱ የተጠማዘዘ ከሆነ አውሮፕላኑ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ይጋደላል። በሙቀት የሚለጠፍ ሽፋን ከሆነ ብዙ ጊዜ ጠምዘዝ አድርጎ እያሞቁ ማስተካከል ይቻላል። ማጠፊያዎቹን አንድ በአንድ ጎትቷቸው። አንዱ ከወለቀ ሁሉንም ቀይሩ።

ክንፉ ከላይ ያለው ነው ወይስ ከታች? ለመማር ከላይ ያለውን ያዙ። መቆጣጠሪያውን ስትለቁት ራሱን ወደ ማስተካከል ይሄዳል። ከታች ያለው ባስቀመጣችሁት ይቆያል፤ ተገልብጦ ከሆነም እንደተገለበጠ። ከዚህ በላይ ማለት አያስፈልግም።

ያልተገጣጠመ አሮጌ ሣጥን ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። ሠላሳ ዓመት የቆየ ሣጥን ተከፍቶ ፕላኑ ሲዘረጋ ልብ ይማርካል። ግን ለክረምት ሙሉ የማታ ሥራ ነው የምትገዙት። የጥንት ሣጥኖች እንጨታቸው በቅርጽ መቁረጫ ማሽን የተቆረጠ ሳይሆን የተጨፈለቀ የሚመስልበት ጊዜ አለ። መሥራት የምትወዱ ከሆነ ግዙት። ማብረር ከሆነ የፈለጋችሁት፣ የተሠራና ጣውላው ጠንካራ የሆነውን ግዙ።

ሬዲዮው

በዚህ ላይ ምርጫ የለም እላለሁ። አሮጌውን ሬዲዮ አውጥታችሁ አዲስ 2.4 ጊጋኸርዝ አስገቡ። የድሮዎቹ እዚህ በ72 ሜጋኸርዝ ይሠሩ ነበር። ሁለት ሰው በአንድ ቻናል ከከፈተ ቢያንስ አንዱ አውሮፕላን ይወድቃል። በዚያ ዘመን ሜዳ ላይ ቻናሉን የያዘ ሰው ምልክት ይሰቅል ነበር። ዛሬ ያን የሚጠብቅ ሰው ሁልጊዜ የለም።

ሬዲዮ ሲባል ሪሞቱ ብቻ አይደለም። እኔ አንድ ጊዜ አዲስ ተቀባይ አስገብቼ አሮጌውን ማብሪያ ማጥፊያ ተውኩት። ሻጩ "ሁሉም ይሠራል" ብሎኝ ነበር፤ መሬት ላይም ሠርቷል። ሦስተኛው በረራ ላይ፣ ሜዳው መሐል ሲደርስ፣ እጄ ውስጥ ያለው መቆጣጠሪያ መሥራት አቆመ። አውሮፕላኑ በዚያው ቀጥ ብሎ ሄደና ዛፍ ውስጥ ገባ። ስከፍተው የማብሪያው ጥቁር ሽቦ ውስጡ መዳቡ ጠቁሮ ዱቄት ሆኗል። አሮጌ የኒኬል ካድሚየም ባትሪ ሲያፈስ በኔጋቲቭ ሽቦው ውስጥ እየተጓዘ ይበላል። ከውጭ አይታይም። ባትሪውን፣ ማብሪያውንና የባትሪውን ሽቦ ጣሏቸው። ሰርቮዎቹን፣ ማለትም መሪዎቹን የሚያንቀሳቅሱትን ትንንሽ ሞተሮች፣ ፈትናችሁ ማቆየት ይቻላል። ያ ፋልከን ነበር። እስካሁን ያሳዝነኛል።

ወደ ኤሌክትሪክ መቀየርስ?

ብዙ ሰው አሮጌ አውሮፕላን ገዝቶ ሞተሩን አውጥቶ በኤሌክትሪክ ያበራል። ጎረቤት አይቆጣም፤ ዘይትም የለም። ሜዳችሁ ድምፅ የሚከለክል ከሆነ ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው። ግን ዘይት የጠጣ እንጨት ኤሌክትሪክ ስለገባለት አይድንም። ክብደቱም ወደፊትና ወደኋላ ስለሚቀየር ሚዛኑ እንደገና መሠራት አለበት። ሚዛኑ ከክንፉ ፊተኛ ጠርዝ ከወርዱ ከሩብ እስከ ሲሶ ባለው ቦታ ላይ መሆን ይገባዋል፤ ለጀማሪ ወደ ሩቡ የቀረበው ይሻላል። እኔ ግሎውን የምይዘው ሞተሩን ማዳመጥ ስለምወድ ነው። ነዳጁ ሲበዛበት ድምፁ ይወፍራል፤ ሲያንስበት ይሳላል። ከመብረራችሁ በፊት አንድ ሰው አውሮፕላኑን አጥብቆ ይያዝላችሁና ሙሉ ነዳጅ ሰጥታችሁ አፍንጫውን ወደ ሰማይ አቁሙት። ድምፁ ከደከመ ነዳጅ አንሶታል። መርፌውን ጥቂት ክሊክ ክፈቱለት። ያንን ያላደረገ ሰው ሞተሩ የሚጠፋበት ገና ሲነሳ ነው።

ጥንቃቄውን በአጭሩ። በጣት ሳይሆን በዱላ አስነሱ። ከተነሳ በኋላ ባትሪውን ከኋላ ሆናችሁ ንቀሉ። ከፕሮፔለሩ ጎን ልክ በመስመሩ ማንም አይቁም። ሜታኖል መርዝ ነው፤ ሲነድ ደግሞ ነበልባሉ በፀሐይ አይታይም። ልጆች የማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ። ስትጨርሱ የነዳጅ ቧንቧውን ነቅላችሁ ሞተሩ የቀረውን ጨርሶ ይጥፋ፤ ከዚያ ጥቂት ጠብታ ዘይት ጨምሩና አዙሩት።

ከመግዛት በፊት የሚጠየቅ

አሜሪካ ውስጥ ከ250 ግራም በላይ የሆነ ሞዴል የሚያበር ሰው ኤፍኤኤ በሚባለው የአቪዬሽን መሥሪያ ቤት ይመዘገባል። 5 ዶላር ነው፣ ለሦስት ዓመት። ትረስት የሚባል ነጻ የኢንተርኔት ፈተናም አለ። አውሮፕላኑ ማንነቱንና ያለበትን ቦታ በሬዲዮ እንዲያሳውቅ የሚያስገድደው የሪሞት አይዲ ደንብ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2024 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ይጠየቃል። ኤፍኤኤ ያጸደቃቸው የክለብ ሜዳዎች ላይ ግን ያለ መሣሪያው ማብረር ይቻላል። ለአሮጌ አውሮፕላን ክለብ መግባት የሚቀለው ለዚህ ነው። አብዛኞቹ ክለቦች ዋና ጽሕፈት ቤቱ ማንሲ፣ ኢንዲያና ባለው ኤኤምኤ የተባለ የሞዴል አውሮፕላን ማኅበር ሥር ናቸው፤ ከአባልነቱ ጋር ኢንሹራንስም ይመጣል።

የዲሲ አካባቢ ሰዎች ይህን ልብ በሉ። ከሬገን አውሮፕላን ማረፊያ 15 ማይል ዙሪያ ያለ ልዩ ፈቃድ ምንም ማብረር አይቻልም። ሲልቨር ስፕሪንግም አሌክሳንድሪያም እዚያው ክብ ውስጥ ናቸው። ሰፈር ያለው መናፈሻ አይሆንም።

አገር ቤት ላለ ወንድም ወይም የአጎት ልጅ ልትልኩ ከሆነ ሌላ ሒሳብ አለ። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ጠለል አንጻር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ የሞተሩም ጉልበት በዚያው ይቀንሳል። እዚህ .25 የሚጎትተውን አውሮፕላን እዚያ አንድ ደረጃ ከፍ ባለ ሞተር ነው የሚያነሱት። መርፌውም እዚህ ካለበት ጥቂት መዘጋት አለበት። ነዳጁ በመንገደኛ አውሮፕላን አይጫንም፤ ሞተሩም ነዳጅ እስከማይሸት ድረስ ታጥቦ ይሂድ። ድሮን ለማስገባት ቀድሞ ፈቃድ ስለሚጠየቅ ለዚህኛውም ዕቃው ሳይነሳ ጠይቁ።

እዚህ ያላችሁ ደግሞ ቅዳሜ ገበያ ከመሄዳችሁ በፊት በአቅራቢያችሁ ላለው ክለብ ደውሉ። ሜዳው ግሎው ሞተር ይፈቅዳል ወይ? ማርሚታ የሌለው .049ስ? አስተማሪ የሚገኘው በየትኛው ቀን ነው? አስተማሪው ምን ዓይነት ሬዲዮ እንደሚይዝ ጠይቁና እናንተም ያንኑ ዓይነት ግዙ፤ ሁለቱን ሪሞት አገናኝቶ ስትሳሳቱ አውሮፕላኑን የሚያተርፍላችሁ እሱ ነውና።